ስሙ የማይጠራው ቅጠል

የካ አባዶ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሀጀር፤ ባንኮክ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ነሽ ልጄ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ገብቷል፤ ጭቃው ከብሎካችን በር ጀምሮ እስከ ታክሲ መያዣው ይሸኘናል። ከዚህና ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

የደወልሽ ቀን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የሰማሁት ግማሹን ነው። ግማሹም በቃኝ። የእናቴ ቅጠል፣ ያ በልጅነትሽ ምላስሽ ላይ ሲያደርጉልሽ እየሮጥሽ የምትተፊው፣ የደንጊ ትኩሳት የሚያመጣውን ቫይረስ ላብራቶሪ ውስጥ አቆመው አልሽኝ። ስልኩን ዘግቼ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፍሬን ሸራ ሊገዛ የገባ ሾፌር «ጋሽ ሃይደር፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። «ኧረ ሰው ዳነ» አልኩት።

ባለፈው ሐሙስ በብሎካችን የጋራ ቤት፣ በኮሚናሉ፣ ለዱዓ ወዳጃ ተቀመጥን። በግ ታረደ። የወሎ ሰው ከሃያ ሁለትም ከሾላም ተጠራርቶ መጣ። ሸኽ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው «በባሕር ማዶ ያለችውን ልጃችንን አላህ እጇን መድኃኒት ያድርገው» ሲሉ ቤቱ በሙሉ «አሚን» አለ። አባትሽ ወንድሜ ይህን ሳያይ መሞቱ ቆጨኝ። አንቺንና ጣሃን ሳሳድግ «እነዚህን የሙት ልጆች ለምን ታስተምራለህ፣ ሱቅ አስገባቸው» ይሉኝ የነበሩት ሰዎች ያን ቀን ከፊት ተቀምጠው ነበር። እኔም ሆን ብዬ ነው ከፊት ያስቀመጥኳቸው።

አንድ ነገር አደራ። የቅጠሉን ስም በደብዳቤ አትጻፊ፤ በስልክም አትጥሪ። እናቴ ማለዳ ከሰው ሳትነጋገር ትቆርጠዋለች፣ አድርቃ ትወቅጠዋለች፣ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጣለች። «ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል» ትል ነበር። ለእኔ የነገረችኝ ልትሞት ስትል ነው፤ እኔም የነገርኩት ለምርምርሽ ብዬ ላንቺ ብቻ ነው። ሳና ልጄ እንኳ አታውቅም፤ እሷ ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች እንጂ። ስልክ ላይ እየጮሁ ማውራት ለእኔ አይሆንም።

የቅጠሉ ዛፍ ከብሎካችን ጀርባ አለ። ለኮንዶሚኒየሙ ገበሬዎቹ ሲነሡ የቀረ አንድ እሱ ነው። ወንድምሽ ጣሃ ደግሞ ትናንት ከጅቡቲ ገብቶ ፎቶሽን በሚነዳው የጭነት መኪና መስታወት ላይ ሲለጥፍ አየሁት።

አላህ በሰላም ያገናኘን።
አጎትሽ ሃይደር


ባንኮክ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ ለጋሽ ሃይደር

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ በዚህ ክረምት እንዴት ይዞዎታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህም ዝናብ ነው፤ ግን እንደኛ አይበርድም፤ ያፍናል።

ሳና የላከችልኝን የወዳጃውን ፎቶ አሳትሜ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቀልኩት። አማካሪዬ አይታው «እነዚህ ሰዎች ምን እየሆኑ ነው?» አለችኝ። «ስለ እኔ እየጸለዩ ነው» አልኳት። ፎቶውን ደግማ አየችና «ስለ እኔ እንዲህ የጸለየ ሰው የለም» አለች። ቀንታብኛለች፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ክፉ ልጅ ነው ያሳደጉት።

ሥራውን በትክክል ላስረዳዎት። በጠፍጣፋ ብርጭቆ ውስጥ ሴሎችን አሳድጋለሁ፤ ሴል ማለት ሥጋችን የተሠራበት ጥቃቅን ነገር ነው። ሴሎቹ ላይ ቫይረሱን እለቅቃለሁ። ከዚያ ከቅጠሉ ያወጣሁትን ጭማቂ እጨምርና ከቀናት በኋላ ምን ያህል ቫይረስ እንደቀረ እለካለሁ። በጣም ቀንሶ ነው ያገኘሁት። ከዚህ በኋላ ግን ገና ብዙ አለ። ጭማቂው ሴሎቹን ራሳቸውን ይጎዳ እንደሆነ መታየት አለበት፤ ቀጥሎ አይጥ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዓመታት አሉ። ይህን የምልዎት እንዲያው ለማለት ያህል ነው እንጂ ደስታዎን ለማደፍረስ አይደለም። ሸኽ ሰይድንም አሚን ብያለሁ ይበሉልኝ።

አሁን ትንሽ ቅጠል ቢጨምሩልኝ። ለጋውን ከነፍሬው ቢሆን ይሻላል። ልብስ ልትገዛ ባንኮክ የምትመላለሰው የሾላዋ ነጋዴ ትያዝልኝ። ስሙን እንዳሉኝ አልጠራሁም። እዚህ የምንጽፈው በላቲን ስለሆነ አያቴ ይቅር ይሉኛል ብዬ አስባለሁ።

ጣሃን ይጠብቁልኝ። በጅቡቲ መንገድ፣ ሎጊያ ላይ ሲያድር አጎበር ይዘርጋ፤ የደንጊዋ ትንኝ ግን ቀን ነው የምትናከሰው፤ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ይልበስ። እኔ ስነግረው ይስቅብኛል።

ልጅዎ ሀጀር


የካ አባዶ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀጀር

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ቅጠሉን ለነጋዴዋ አስረክቤአለሁ። ማለዳ ከሱብሒ በኋላ ከሰው ሳልነጋገር ነው የቆረጥኩት። የብሎኩ ዘበኛ «ምን እየቆረጡ ነው?» ሲለኝ መልስ ስላልሰጠሁት ተቀየመኝ።

ያንቺ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሃያ ሁለት ደርሷል። ሱቄ የሚገቡት የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ናቸው፤ ዕቃ ሳይጠይቁ ስላንቺ ይጠይቃሉ። «ሎጊያ ላይ ትኩሳቱ ጣለን፣ አጥንታችንን ሰበረን፣ ሐኪም ቤት ፓራሲታሞልና ውሃ ብቻ ሰጡን፤ ያንተ ልጅ ግን አግኝታለች አሉ» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? እኔ ዱዓ ብቻ ነው የምሰጣቸው። ይህን እወቂልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለዕውቀት ያህል ነው። እናቴ በጣት ጫፍ ቆንጥራ ነበር የምትሰጠው። ያኔ ግን ቫይረስ የሚባል ነገር አይታወቅም። አሁን ያ ሁሉ ቫይረስ የሚሞት ከሆነ ቁንጥሩ ያንሳል ማለት አይደለም? ለአዋቂ ሰው በማንኪያ ሲለካ ስንት ይሆናል? ለማንም ለመስጠት አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ አላውቅም ማለት፣ ያንቺ አጎት ሆኜ፣ ያሳፍረኛል።

ሳና ከሾላ ማር ገዝታ ስትመጣ ጭቃው ላይ አዳልጧት ግማሹን ደፋችው። ወዲያው ሌላ ገዛን፤ ያለ ማር አይወርድም። ሌላው ሰላም ነው።

በቶሎ መልሺልኝ።
አጎትሽ ሃይደር


ባንኮክ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ሃይደር

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መውሊድ እንኳ አልፎ አልጻፍኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ቅጠሉ ደርሶኛል፤ ማለዳ መነሣትዎ ሳያንስ ዘበኛውን ማስቀየምዎ አሳዘነኝ። ሥራው ትንሽ አቅጣጫ ለውጧል። አማካሪዬም ሌሎች ተክሎችን እንዳይ ትመክረኛለች። ስለዚህ አሁን ተጨማሪ ቅጠል አይላኩ።

ስለ ማንኪያው የጠየቁኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ለሰው የሚሰጥ ደረጃ ላይ አልደረሰም። የወዳጃው ፎቶ ከተሰቀለበት ወርዷል፤ ግድግዳው ሊቀባ ስለሆነ ነው።

ጣሃ ስልክ አያነሣም። ደህና ነው?

ልጅዎ ሀጀር


የካ አባዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀጀር

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አጭር ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የሥራ ሰው ነሽ፤ አልቀየምሽም።

ጣሃ ትንሽ ትኩሳት ይዞት ከሎጊያ ገብቷል። እኔ ዘንድ ነው የተኛው። እየተሻለው ነው፤ አትጨነቂ። ዛሬ ሐኪም እንዲያየውም ወስደነዋል። ከሰው ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የጻፍኩት። ቅጠል አይላኩ ያልሽኝን ያለሽ በቅቶሽ ይሆናል ብዬ ተረዳሁት። ኸይር ይሁን።

ዱዓ አድርጊለት።
አጎትሽ ሃይደር

*ሀጁ፣ እኔ ሳና ነኝ። ፎቶውን ካነሣሁ በኋላ ነው ይህን ከሥሩ በስልኬ የምጽፈው፤ አባባ አያውቅም። ጣሃ አልተሻለውም። ትኩሳቱ ይዞት እንደገባ አባባ ያንን ዱቄት በማር እያደረገ ጠዋት ጠዋት በሾርባ ማንኪያ አጠጣው። ጣሃ «ያንገፈግፈኛል» ሲል «እህትህ ያገኘችው ነው» ይለዋል፤ ያንቺን ስም ሲሰማ ይጠጣል። ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ ያዘው፤ ድዱ ደማ፤ ትናንት ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሐኪም ቤት አልጋ ይዞ ተኝቷል። ዶክተሯ «የባህል መድኃኒት ወስዷል?» ብላ ስትጠይቅ አባባ «ምንም አልወሰደም» አላት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። አባቴን ሰው ፊት ውሸታም ማለት አቃተኝ። ምን ላድርግ?*


ባንኮክ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታውን ስለዘለልኩ ይቅር ይበሉኝ። ሳና የሆነውን ጽፋልኛለች፤ እሷን አይቆጧት። እርስዎ ጋ ደወልኩ፤ አላነሡም። ለሳና የቅጠሉን ስም በስልክ ነግሬያታለሁ። ግን ምን ያህል እንደሰጡት፣ ከማር ሌላ ምን እንደቀላቀሉበት፣ ስንት ቀን እንደጠጣ በትክክል የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዶክተሯ የምታክመው ግማሹን በሽታ ብቻ ነው፤ ሌላውን ግማሽ አልነገሯትም። ይህን እንዳነበቡ ይሂዱና ሁሉንም ይንገሯት።

አሁን የእኔን ልንገርዎት። መስከረም ሲጠባ ጀምሮ አውቅ ነበር። ያ ጭማቂ ቫይረሱን አላቆመም፤ ሴሎቹን ነው የገደላቸው። ቫይረስ ብቻውን አይራባም፤ የሚራባው ሴል ውስጥ ነው። ሴሉ ከሞተ ቫይረሱም መግቢያ አጥቶ ይቀንሳል። ቤቱን አቃጥዬ ትኋኑ ጠፋ ብዬ ነው የደወልኩልዎት። ይህን ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ቀድሞ መሠራት ያለበትን ትቼ መጀመሪያ ስልክ አነሣሁ፤ ደስ እንዲልዎት ቸኮልኩ። ጭማቂውን ቀንሼ ሴሎቹን የማይጎዳ ያህል ሳደርገው ደግሞ ቫይረሱ እንደ ልቡ ተራባ። ሦስቴ ደገምኩት። አንድ ነው።

ስለ ማንኪያው የጠየቁኝን ደብዳቤ ሳነብ ለሰው ሊሰጡት እንደሆነ ገባኝ። ማሩንም አየሁት። «ለዕውቀት ያህል» ያሉትን እንዳመነ ሰው ሆኜ አለፍኩት። «መርዝ ነው፣ ለማንም አይስጡ» ብዬ አንድ መስመር መጻፍ ነበረብኝ። መጻፍ እጀምርና ያ ፎቶ ይታየኛል፤ እጃቸውን የዘረጉት ሽማግሌዎች፣ ከፊት ያስቀመጧቸው ሰዎች። ምን ብዬ ነው አሚናቸውን የምመልሰው? ፎቶውን ያወረድኩት ግድግዳ ሊቀባ አይደለም። ዓይናቸውን ማየት አፍሬ ነው። እኔ ሳፍር ወንድሜ ጠጣው።

እርስዎ ስለ እኔ ክብር ብለው ዶክተሯን እንደዋሹ አውቃለሁ። በኔ ስም አይዋሹ። ስሜ ያን ያህል አይረባም።

ለሌላ ሰውም ሰጥተዋል? ከሰጡ ዛሬውኑ ይሰብስቡት። ስለዚህ ሙከራ ለማሳተም ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ ትቼዋለሁ። አይሠራም ብዬ የአያቴን መድኃኒት በዓለም ፊት አላዋርድም፤ ይቅር።

ጣሃ ስልኬን አያነሣም። እባክዎ እኔ እንደሆንኩ ይንገሩት።

ሀጀር


የካ አባዶ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀጀር

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ሳና ስለ ጣሃ በየቀኑ እንደነገረችሽ አውቃለሁ። እኔ የዘገየሁት እጄ እስክሪብቶ እምቢ ብሎኝ ነው። ይህችን ደብዳቤ ራሴ ነኝ ፎቶ ያነሣኋት። ጠማማ ብትሆንም አንብቢያት።

ያንቺ ደብዳቤ የደረሰ ዕለት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሳና «እኔ ልንገራት» አለችኝ። «አይሆንም፣ ውሸቱ የእኔ ነው» አልኳት። ዶክተሯ በዕድሜ ካንቺ ታንሳለች። ኮሪደር ላይ አቁሜያት፣ ካንቺ በቀር ለማንም ጠርቼው የማላውቀውን ስም ልነግራት ሁለቴ ጀመርኩና ሁለቴ ተውኩት። በመጨረሻ «ብሳና» አልኳት። ሰማዩ አልተደፋም። «ቅጠሉን ነው ወይስ ቅርፊቱን? በምን ያህል?» ብላ ጠየቀች። ለጋ ቅጠሉና ፍሬው፣ በሾርባ ማንኪያ አልኳት። ጻፈች። «ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» አለች። «አፍሬ ነው» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ጣሃ ገባች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ለሌላም ሰጥቻለሁ። ለሾፌሮች፣ ለጎረቤት፣ «ቤቴ ይቀመጥልኝ» ላለ ሁሉ ቋጥሬአለሁ። ገንዘብ አልተቀበልኩም፤ ክብር ግን ተቀብያለሁ፤ እሱ ደግሞ ከገንዘብ ይጣፍጣል። ሱቄ ስገባ ሰው ይነሣልኝ ነበር። አላህ ጠብቆኝ ከጣሃ በቀር በማንኪያ ያጠጣሁት የለም፤ ለሌሎቹ እንደ እናቴ በጣት ጫፍ ብያቸው ነበር። ለገዛ ልጄ ግን ሳስቼለት አበዛሁለት።

ሸኽ ሰይድን «ሰው ይሰብስቡልኝ» አልኳቸው። እዚያው ኮሚናል ውስጥ፣ በግ ሳይታረድ፣ ቆሜ ተናገርኩ። ልጄ ሀጀር መድኃኒት አላገኘችም፤ እኔ ያደልኳችሁ ብሳና ነው፤ ወንድሟን አልጋ ላይ የጣለው የእኔ እጅ ነው፤ የወሰዳችሁ መልሱ፤ የታመመ ሐኪም ቤት ይሂድ አልኩ። በወዳጃው ቀን ከፊት ያስቀመጥኳቸው እንኳ አልሳቁብኝም፤ አንገታቸውን ደፉ። ማታ ሲወጡ አንድም ሰው ቋጠሮ አልመለሰልኝም። ጠዋት ለሱብሒ በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ቋጠሮዎቹ ተደርድረው አገኘሁ። እንዳላፍር ብለው ተደብቀው ነው ያስቀመጧቸው። እኔም ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ከዚህ በላይ ያፈርኩበት ቀን የለም።

«ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉ፣ ለእንጨቱ ሁሉ ማን አስተማረና» ይባል የለ? አንቺ ዝም ያልሽው ከማን ተምረሽ ነው? «አትጥሪ፣ አትጻፊ፣ ሰው ምን ይላል» ብዬ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። በኔ ንቅዘት አንቺን አልወቅስም። ግን አንድ መስመር ብትጽፊልኝ ኖሮ ብዬ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ። ይህንንም ደብቄሽ አላልፍም።

ጽሑፍሽን አሳትሚው። አይሠራም ብለሽ፣ ሴል ይገድላል ብለሽ ጻፊ፤ የእናቴን አገር፣ የእኔንም ስም አስገቢበት። ሌላ ቦታ የሚኖር እንደኔ ያለ ሞኝ አጎት ያነበው ይሆናል።

ጣሃ ከትናንት በስቲያ ቤት ገብቷል። ጉበቱ ገና ነው፤ ለጊዜው መኪና አይነዳም። እያወቅሽ ሳትነግሪን ስለቀረሽ ተቆጥቶብሻል፤ አሁን ስልክሽን የማያነሣው ለዚህ ነው። ይቆጣ፤ መብቱ ነው። አንቺ ግን መደወልሽን አትተዪ።

ትናንት መስኮቱ አጠገብ ትራስ አስደግፌው ተቀምጠን ነበር። ከመስኮቱ ዛፉ ይታያል። «ጋሼ፣ ያ ያጠጡኝ ምንድን ነው?» አለኝ። ለዶክተሯ ተናገርኩ፣ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ፤ ለጠጣው ለራሱ ግን አልነገርኩትም ነበር። በጣቴ አሳየሁት። «ብሳና?» አለ፤ «ያ ጭርት ሲወጣብን ወተቱን የምንቀባው?» ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረና «ነግረውኝ ቢሆን አልጠጣውም ነበር» አለኝ።

እናቴ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል ስትል እውነቷን ኖሯል።

አላህ በሰላም ያገናኘን።
አጎትሽ ሃይደር